ማን ይቀልድ? ስለ ሳቅና ስለ አስፈሪ ፊልም

(ጎንደር ውስጥ ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ!

ከኋላ ያላችሁት አልተሰማችሁም። እንደምን አመሻችሁ? … እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ጎንደር መሆኔን አመንኩ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! በዚህ ዝናብ ከአዘዞ በባጃጅ ተጠጋግታችሁ የመጣችሁ፣ ፈተና እያለባችሁ ከማራኪ ድረስ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ አመሰግናለሁ። ስጋበዝ «ስለ ምን ትናገርልናለህ?» ተባልኩ። «ስለ አስፈሪ ፊልም» አልኩ። ደስ አላቸው። «አስፈሪ ፊልም ውስጥ ስላለው ቀልድ» ስል ግን ከአዘጋጆቹ አንዱ ግንባሩን ቋጠር አደረገ። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ወይ አስፈራ፣ ወይ አስቅ!» አለኝ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። የዛሬው ሙግቴ ግን ከእሱ ጋር ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ስንፈራ ለምን እንስቃለን? ሁለተኛ፣ አስፈሪ ፊልም ውስጥ መቀለድ ያለበት ማን ነው? ሦስተኛ፣ እኛ ምን እንሥራበት? ሁለተኛው ላይ ብዙ እንደምቆይ ካሁኑ እወቁልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በኋላ ሒሳብ ውስጥ እንዳትገቡ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ለቅሶ ቤት ስቆ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እስኪ! … አያችሁ? አንድም የለም። ቀን ደረት ሲመታ የዋለ ሰው ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታል። አንዱ የሟችን ግትርነት ያነሳል። «ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሁለት ብር ግማሽ ቀን የተከራከረ ጊዜ ትዝ ይላችኋል?» ይላል። ድንኳኑ በሳቅ ይናጋል። እህትየው ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሐዘኑ ቀረ ማለት ነው? አልቀረም! ሐዘኑ እዚያው ቁጭ ብሏል። እንዲያውም የሳቀችው በጣም ስላዘነች ነው።

ፍርሃትም እንደዚሁ ነው። የአያቴ ቤት ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነበር። የዚያ ሰፈር ሰው ያውቃል፣ ማታ ጅቡ እንደ ጎረቤት ነው። እኛ ልጆች አንድ ጋቢ ውስጥ ተኮራምተን እንተኛለን። ውጭ ጅብ ይጮኻል። አያቴ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? «ተረት ተረት» ትላለች። «የላም በረት» እንላለን። የምትነግረን ደግሞ ስለ ማን ነው? ስለ አያ ጅቦ! ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ስላለው፣ ሲቸኩል ቀንድ ስለነከሰው። የተረቱ ጅብ ጅል ነው። የውጭው ጅብ ጅል አይደለም። እኛ መሀል ላይ ነን። እየሳቅን ጋቢውን እስከ አፍንጫችን እንስባለን።

አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ። ያ ሳቅ ፍርሃታችንን አጠፋው? ኧረ በጭራሽ! ሽንቱ የመጣበት ልጅ ብቻውን የሚወጣ መሰላችሁ? ስድስታችንም ተከታትለን ነበር የምንወጣው። እንዲያውም ጅብ ብቻ ከሆነው ጅብ ይልቅ፣ ጨዋታ የሚያውቀው፣ ሰበብ የሚፈልገው፣ እንግዳ ሆኖ የሚመጣው አያ ጅቦ ነበር የሚያስፈራው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ሁላችንም እየሳቅን ነው የለመድነው። ቆም ብላችሁ አስቡት እስኪ። ሊበላው ነው። ያውቃል። የሚለምነው ሰበቡን እንዲተውለት ብቻ ነው። ይኼ ኮሜዲ ነው ወይስ ሆረር? ይህን አባባል እየሰማ ያደገ ሕዝብ «ወይ አስፈራ፣ ወይ አስቅ» ሊል አይገባውም። አይደለም እንዴ ወንድሜ? … ዝም አለ።

ሰውነታችን ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። ስንፈራ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አደጋው የውሸት ሲሆን ያ ሁሉ ዝግጅት የት ይግባ? በሳቅ ይወጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ሳቃችን ያ ውሻ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ይህን ቀድመው ነው የገባቸው። በ1942 «ካት ፒፕል» የሚባል ፊልም ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቫል ሌውተን፣ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር ነው። ገንዘብ የላቸውም። አውሬ በደንብ ለማሳየት አቅም የላቸውም። ስለዚህ አንዲት ሴት በሌሊት በፓርክ አጥር ሥር ትሄዳለች። ከኋላዋ የጫማ ድምፅ አለ። ቀጥ! ቀጥ! ቀጥ! ከዚያ ድምፁ ይቆማል። እሷ መሮጥ ትጀምራለች። ድንገት እንደ አውሬ ፉጨት ያለ ነገር ስክሪኑን ሰንጥቆ ይገባል። ምንድን ነው? የአውቶቡስ ፍሬን! አውቶቡስ መጥቶ ፊቷ ቆመ፣ በቃ። አዳራሹ ከወንበሩ ይነሳል፣ ከዚያ ይስቃል። እስከ ዛሬ የፊልም ሰዎች ይህን ዘዴ «የሌውተን አውቶቡስ» ይሉታል። ዛሬ ድመት ከቁም ሳጥን ዘላ በወጣች ቁጥር፣ ያ አውቶቡስ ነው የሚመጣው።

ግን ልብ በሉ። ተመልካቹ ስቆ ሲጨርስ ምን ይሆናል? ትከሻው ይወርዳል። ተዘናግቷል። ጎበዝ ዳይሬክተር የሚመታው ያኔ ነው።

«ጆውስ»ን ያያችሁ አላችሁ? የ1975ቱን፣ የስቲቨን ስፒልበርግን? እኛ ባሕር የለንም፣ ጣናም ሻርክ የለበትም፣ ግን ፈርተናል። ፖሊሱ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ ለሻርኩ ማባበያ የሚሆን የዓሣ ክምር ወደ ባሕር ይወረውራል። ሰውየው ውኃ ይፈራል፣ ሥራው ይሸተዋል፣ ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ይነጫነጫል። እኛ በንጭንጩ ፈገግ እንላለን። በዚያች ፈገግታ መሀል ሻርኩ ከኋላው ብቅ! ከዚያ ሰውየው አይጮህም። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ለካፒቴኑ ከዚህ የሚበልጥ ጀልባ ያስፈልግሃል ይለዋል። ተዋናዩ ሮይ ሻይደር ከስክሪፕቱ ውጪ ያመጣት ንግግር ናት። ሰው እየሳቀ ይፈራል፣ እየፈራ ይስቃል።

እዚህ ጋ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር። ውኃ ካለ ግን አቀብሉኝ። … አመሰግናለሁ እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ሁለተኛ። ማን ይቀልድ?

መልሴ ይኸውላችሁ፦ የሚፈራው ይቀልድ፣ የሚያስፈራው አይቀልድ። ልድገመው። የሚፈራው ይቀልድ! የሚያስፈራው አይቀልድ!

በ1948 ሁለት የአሜሪካ ኮሜዲያኖች፣ አቦትና ኮስቴሎ፣ ከፍራንከንስታይን ጭራቅ፣ ከድራኩላና ከተኩላው ሰውዬ ጋር አንድ ፊልም ውስጥ ገቡ። ድራኩላን የሠራው ራሱ ቤላ ሉጎሲ ነው፣ የ1931ዱ ድራኩላ። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ጭራቆቹን አላስቀለዷቸውም። ድራኩላ እንደ ድራኩላ ኮስተር ብሎ ይሄዳል። የሚንተባተበው፣ ድምፁ የሚጠፋበት፣ ለጓደኛው «አይቻለሁ!» ሲል የማይታመነው ኮስቴሎ ነው። ፊልሙ ኮሜዲ ነው፣ ግን የጭራቆቹ ክብር አልተነካም።

አሁን ተቃራኒውን ላምጣ። ፍሬዲ ክሩገር፣ ፊቱ የተቃጠለው፣ ጣቱ ላይ ቢላዋ የሰካው፣ በሕልም የሚመጣው። የመጀመሪያው ፊልም የ1984 ነው፣ የዌስ ክሬቨን። እዚያ ውስጥ ፍሬዲ ጥላ ነው። ብዙ አያወራም። እኔ በበኩሌ ለብዙ ቀን መተኛት ፈርቼ ነበር። ተከታዮቹ ሲመጡ ሰውየው ቀልድ ለመደ። እየገደለ ይቀልዳል። በ1988ቱ፣ በአራተኛው ፊልም፣ ባሕር ዳርቻ ላይ መነጽር አድርጎ ይታያል! እናንተዬ፣ መነጽር ያደረገ ቅዠት ማን ይፈራል? ሰው ለእሱ ማጨብጨብ ጀመረ። ፈጣሪው ክሬቨን ራሱ በ1994 ተመልሶ መጥቶ ኮስታራውን ፍሬዲ ሊመልሰው ሞከረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንዴ የሳቅንበትን ሰው መልሶ መፍራት ይከብዳል።

የሚፈራው ሲቀልድስ? ቪዲዮ ቤት ልውሰዳችሁ።

የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቁር መጋረጃ፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ዴክ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፋል፣ ግን እውነተኛ ስሙ አይደለም። ባለቤቱ የመሰለውን ነው የሚጽፈው። የተኩላ ሰው ፊልም ሲመጣ «ጅብ የሆነው ሰውዬ» ብሎ ጻፈው። በማግስቱ ቤቱ ሞላ! ምን ያድርግ፣ ሰፈሩን ያውቃል።

እንግሊዝኛ የሚያውቅ የለም። መሀላችን ግን አንድ «ተርጓሚ» ነበር። እሱም አያውቅም፣ ግን ይተረጉማል። ሴትዮዋ ወደ ጨለማው ቤት ስትገባ «ሻማ ሳትገዛ ነው የመጣችው» ይላል። አንዱ በር ሲያንኳኳ «የውኃ ቆጣሪ ነኝ እያለ ነው» ይላል። በሳቅ እንፈርሳለን። «አክተሩ አይሞትም፣ አትፍሩ» ይለናል። በኋላ ነው የገባኝ፣ ከሁላችን በላይ የሚፈራው እሱ ነበር። ቀልዱ እጁን የሚደገፍበት ግድግዳው ነው። ስለዚህ እኛ የምንፈራው መቼ ነበር መሰላችሁ? ጭራቁ ሲመጣ? አይደለም። እሱ ዝም ሲል! እሱ ዝም ካለ በቃ፣ ነገሩ የምር ነው። እርስ በርስ እንያያዝ ነበር።

ልጆቼ፣ ስክሪፕት የምትጽፉት ይህን ያዙልኝ። ቀልደኛ ሰው ፊልማችሁ ውስጥ የምታስገቡት እንዲያስቅ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ዝም እንዲል ነው።

«ጆውስ» ይህንንም አድርጎታል። ሦስቱ ሰዎች ማታ ጀልባው ውስጥ ይጠጣሉ። ጠባሳቸውን እያወጡ ይፎካከራሉ። ይሳሳቃሉ። ከዚያ ካፒቴኑ ክንዱ ላይ ያጠፋው ንቅሳት የምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የኢንዲያናፖሊስ ነው ይላል። በ1945 በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ የሰጠመች የእውነት የጦር መርከብ ናት። 316 ሰው ነው የተረፈው። ባሕር ላይ ቀናት ሲንሳፈፉ ሻርክ የበላቸው ነበሩ። ሲስቅ የነበረው ወጣቱ ሳይንቲስት ፊቱ ላይ ሳቁ ሲጠፋ ታያላችሁ። እኛም አብረነው ዝም እንላለን። ያ ዝምታ ሳቁ ባይቀድመው ኖሮ ግማሹን አያክልም ነበር።

እስኪ አንድ ተቃውሞ ራሴ ላንሳ፣ እናንተ ሳትቀድሙኝ። «ሙት ሲቀልድስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ጆን ላንዲስ በ1981 የሠራው የለንደኑ ተኩላ ሰው ፊልም አለ። ላንዲስ ከኮሜዲ የመጣ ሰው ነው። ሁለት አሜሪካውያን ጓደኛሞች እንግሊዝ ገጠር ውስጥ አውሬ ያገኛቸዋል። አንዱ ይሞታል። ከዚያ ሟቹ፣ ጉሮሮው ተዘልዝሎ፣ ሆስፒታል የተኛው ጓደኛው ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ የሚለው ምን መሰላችሁ? ከቁርስህ ዳቦ ልብላልህ? ነው የሚለው! ከሙታን ጋር ማውራት እንደሚሰለችም ያማርራል። በመጣ ቁጥር ሥጋው እየበሰበሰ ይሄዳል፣ ጨዋታው ግን አይቀየርም። የፊልሙን ሜካፕ የሠራው ሪክ ቤከር ኦስካር አግኝቶበታል። ኦስካር ላይ የሜካፕ ውድድር የተጀመረው ያኔ ነው።

ታዲያ ይኼ ንግግሬን ያፈርሰዋል? አያፈርሰውም። ያ ሙት የሚያስፈራው ሰው አይደለም። ተበዳይ ነው። ሰላም አጥቶ የሚንከራተት ልጅ ነው። የሚያሳዝነው እንደ ድሮው ስለሚቀልድ ነው። ተኩላው ግን አንድም ጊዜ አይቀልድም።

ሦስተኛ ዓይነት ቀልደኛ አለ፤ የማያውቀው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ቴአትር፣ ማክቤዝን፣ ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። ንጉሡ ገና አሁን ተገድሏል። ደሙ ገዳዮቹ እጅ ላይ ነው። በር ይንኳኳል። የሚመጣው የሰከረ በረኛ ነው። የሲኦል በረኛ ነኝ እያለ ይቀልዳል። ከበሩ በስተ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። እኛ እናውቃለን። «ቀልድህን ተው፣ በሩን ክፈት!» ልንለው ያምረናል። በ2004 የእንግሊዙ «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ» ይህንኑ በዞምቢ፣ ተነስቶ ሰው በሚበላ ሙት፣ ሠራው። ወጣቱ ጠዋት ከነሐንጎቨሩ ሱቅ ይሄዳል። መንገዱ በዞምቢ ተሞልቷል፣ የሱቁ ፍሪጅ ላይ ደም አለ። አያይም! ዕቃውን ገዝቶ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት ስንቶቻችን እንዲህ ነን።

እዚህ ላይ የምወደውን ፊልም ሳልጠራ አልወርድም። «ጌት አውት»፣ 2017። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ጆርዳን ፒል ለዓመታት ቴሌቪዥን ላይ ሲያስቅ የኖረ ኮሜዲያን ነው። 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ በጀት ሠርቶት፣ ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2018 የምርጥ ወጥ ስክሪፕት ኦስካርን ወሰደ፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ነው። ጎልደን ግሎብ ፊልሙን ኮሜዲ ምድብ ውስጥ ሲያስገባው ጭቅጭቅ ተነሳ። ፒል ደግሞ ዶክመንተሪ ነው ብሎ አሾፈ። ያችን መልስ ስወዳት!

ፊልሙ ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት የነጭ ፍቅረኛውን ቤተሰብ ሊተዋወቅ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ እንግዶች ያደንቁታል፤ ክንዱን ይጨብጡታል። አባትየው ቢቻል ኦባማን ለሦስተኛ ጊዜ እመርጠው ነበር ይለዋል። እንስቃለን። ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ይሸተናል። እነዚህ ሰዎች የሚለኩት ሰው ነው ወይስ የገበያ በሬ?

ከተማ የቀረ ጓደኛው ደግሞ የአየር ማረፊያ ፈታሽ ነው፤ የፊልሙ ቀልደኛ እሱ ነው። ጓደኛው ሲጠፋበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ጥቁሮችን እያፈኑ ነው» ብሎ ይናገራል። ፖሊሷ ሁለት ባልደረቦቿን ትጠራለች። ሦስቱም ሰምተው በሳቅ ይፈነዳሉ። እኛም እንስቃለን። ግን ልጁ እውነቱን ነው! በዝርዝሩ ቢሳሳትም በነገሩ ልክ ነው። የሳቅነው ብቸኛው የሚያድን ሰው ላይ ነው። ኧረ ጉድ! የሚፈራው ሲቀልድ ይህን ያህል ርቀት ይሄዳል።

ሰዓት ሄደብኝ መሰለኝ። … አሥር ደቂቃ? ይበቃኛል። ሦስተኛው አጭር ነው።

እኛ ምን እንሥራበት? የአገራችን ሲኒማ ፍቅርና ኮሜዲ ላይ ነው የኖረው። አስፈሪ ፊልም ጥቂት ነው። ይኼን እንደ ድክመት የሚያይ አለ። እኔ አላይም። ሰው ማሳቅ የሚችል ባለሙያ ጊዜ መጠበቅ ያውቃል፤ መቼ እንደሚናገር፣ መቼ ዝም እንደሚል። ያው ሙያ ነው ሰው የሚያስፈራው። ፒልን አይታችሁታል።

«ገንዘብ የለንም» እንዳትሉኝ። በ2017 ጃፓኖች «ዋን ከት ኦቭ ዘ ዴድ» የሚባል የዞምቢ ፊልም ሠሩ። በጀቱ 3 ሚሊዮን የን ገደማ ነው፤ ለፊልም ምንም ማለት ነው። ያስገባው ከ3 ቢሊዮን የን በላይ! የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ሳይቆረጡ በአንድ ቀረጻ የሚሄዱ ናቸው። ስታዩት «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነገር ነው?» ትላላችሁ። ተዋናዩ ያለ ምክንያት ዝም ይላል፣ ካሜራው መሬት ላይ ይቀራል። ታገሱ። ሁለተኛው ክፍል የእያንዳንዷን ዝርክርክ ምክንያት ያሳያችኋል፤ በሳቅ ትሞታላችሁ። ሌላ አልነግራችሁም፣ ፈልጋችሁ እዩት።

አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ፣ ጎንደር ስለሆናችሁ ብቻ ካሜራ ይዛችሁ ወደ ፋሲል ግንብ አትሩጡ! መንፈስ ሁሉ ግንብ ውስጥ አይኖርም። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት በጨረቃ ብርሃን፣ ኧረ ተዉ። ፍርሃቱም ቀልዱም ያለው ሰው በየቀኑ በሚውልበት ቦታ ነው። ቀበሌ ወረፋ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ደረጃ ላይ የምትገናኙት ጎረቤት ዘንድ ነው። እድር ላይ ነው።

እድር ካልኩ አይቀር አንድ ትዕይንት ልስጣችሁ፤ ነጻ ነው፣ የፈለገ ይውሰደው። እሑድ ጠዋት የእድር ስብሰባ አለ። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ አቀርቅሮ ስም ይጠራል። ሰው «አለሁ» ይላል፣ እሱ ምልክት ያደርጋል። ባለፈው ማክሰኞ የቀበሩት ሰውዬ ስም ከመዝገቡ አልተሰረዘም። ጸሐፊው በልማድ ይጠራዋል። ከኋላ «አለሁ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «የማርፈጃ 10 ብር» ይላል።

ሳቃችሁ! ጥሩ። አሁን ጸሐፊው የጻፈውን ያነበዋል። ቀና ይላል። ቀጥሎስ? ሟቹ ምን ይላል? አደራ፣ ቀልድ እንዳትሰጡት። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አዎ አንተ፣ ሲያስቅ ያመሸኸው። ማይኩን አቀብሉትና እሱ ይቀጥልልን።